የሐሙስ ባሕር

ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስመኘው፣

እንዴት ሰንብተሃል? ደብዳቤ መጥቶልሃል። ከምሥራቅ ነው። በማህዲ ሱቅ በኩል ሳልፍ ጠራኝ። እንደ ወትሮው «የእንግሊዟ እህታችሁ ጽፋለች፤ መጀመሪያ ስኳር ግዙ» አላለም። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝና «ወንድሜ ትናንት ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ልኮት ነው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ዳታ ከጠፋ ወዲህ ይኸው የምሥራቅን ጽሑፍ ወንድሙ አብዱልሀኪም እያተመ ባይልክልን ምን ይውጠን ነበር? ላዩ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው። ከፍቼዋለሁ። ድሮስ አንዳችን የአንዳችንን እንከፍት የለ?

ደስ የሚል ወሬ ነው። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በየዓመቱ በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ሽማግሌዎቹን ለአንድ ሳምንት ባሕር ዳርቻ ይወስዳል። ዘንድሮ ቦታውን ምረጪ የተባለችው እሷ ናት። «ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ስኖር ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነው፤ ባሕር በዓይኔ አላየሁም። አንተ ግን ፍኖተ ሰላም ተቀምጠህ ሁሉንም ዞረኸዋል። ምረጥልኝ» ትልሃለች።

ካላንደሩ አሁንም ከአልጋችን በላይ እንደተሰቀለ ነው። ምሥራቅ የላከችልን ጊዜ «ዓመቱ ያለፈበት ነው» ብዬ ልጥለው ስል፣ «ባሕሩ አላለፈበትም» ብለህ ሚስማር ፈልገህ ሰቀልኸው። በየወሩ አንድ የእንግሊዝ ባሕር። እኛ ግን በወር አልገለጥነውም፤ በረኃብ ነው የገለጥነው። ቅዳሜ ከቤት፣ ከገበዝ ማርያም ተሸክመን የምንመጣው ስንቅ ሐሙስ ሐሙስ ያልቅ ነበርና ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሽሮውን ቆርቆሮ ገልብጠህ መታ መታ ታደርግና «እንግዲህ የሚበላ ከሌለ ሽርሽር እንሂድ» ትላለህ። ጥር ብራይተን ነበር። ጠጠር ብቻ ነው፤ «ይሄስ ከጅጋ መንገድ በምን ይለያል?» ብለን ተመለስን። መጋቢት ዌስተን። ውሃው ከዓይን እስኪርቅ እንደሚሸሽና በዚያው ቀን እንደሚመለስ ከሥሩ ተጽፏል። እኔ ፈረንጅ ሲቀልድ ነው አልሁ። አንተ ግን በጀርባህ ተጋድመህ ብዙ ቆየህና «ከግሽ ዓባይ የወጣ ውሃ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። የሄደ ውሃ የሚመለስበት አገር ካለ ሰዎቹ መልካም ሠርተዋል ማለት ነው» አልህ። ሆዴ እየጮኸ ሳቅሁ።

ነሐሴን አላስከፈትኸኝም። ቅጠሏን በግራር እሾህ ወግተህ ዘጋኻትና «ይቺን የማትሪክ ውጤቴ የመጣ ቀን እንሄድባታለን» አልህ። እሾሁ አልተነካም።

ሰልስትህ የወጣ ዕለት አባባ ሽማግሌዎቹ መካከል ጠርተውኝ «ምሥራቅ አልሰማችም። መርዶ በወረቀት አይላክም፣ በስልክም አይነገርም። ሰው ተፈልጎ፣ ጎሕ ሲቀድ ደጇ ደርሶ፣ ግራና ቀኝ ይዟት ነው የሚነግራት። ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ሰው እስክናገኝ ዝም በል» አሉኝ።

«ብትጠይቀኝስ አባባ?»

«ደህና ነን በላት።»

ደህና ነን ማለት እንዴት ዝም ማለት እንደሚሆን አልጠየቅኋቸውም፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ምሥራቅ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሣሁም። ድምፄም ልክ አይሆንልኝም።

አሁን ደብዳቤሽ አልደረሰንም ብል ትጠረጥራለች። ብመልስም መምረጡን የምታውቀው አንተ ነህ። ብር ሸለቆ እርሻ ለቀን ሥራ ባትወርድ፣ ወባው ባይቀድምህ፣ የትኛውን ትልላት ነበር? ምን ብዬ ልጻፍላት?

ያረጋል


ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እታለም ምሥራቅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ በእመቤታችን አማላጅነት ደህና ነን። ስልክሽን ባለማንሣቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የኔትወርኩን ነገር ታውቂዋለሽ። ስመኘው ገበዝ ማርያም ነው ያለው። ስለዚህ ደብዳቤሽን የከፈትሁትም መልሱን የምጽፈውም እኔ ነኝና አትቀየሚኝ።

ቅዳሜ ቤት ወስጄ ለእነ አባባ አነበብሁላቸው። አባባ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «በሽተኞችና ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሳምንት ሙሉ ውሃ ዳር ሊያድሩ? ታዲያ ይኼ ጠበል ነዋ። ፈረንጅም ጠበል ያውቃል ለካ» አሉ። ታቦቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኋቸው። እናታለም ደግሞ «በባዶ ሆድ ነው መግባት ያለባቸው፤ እህል ቀምሰው እንዳይገቡ ንገራት» ብላለች። እንግዲህ ነግሬሻለሁ።

እንደ ጠበል ካየነው ደግሞ ምርጫው አልከበደንም። የሰኔዋ ዊትቢ ትሁን። ባሕሩ ከታች ነው፤ ገደሉ አናት ላይ ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ ከታች እስከ ላይ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ተሠርቶለታል። ካላንደሩን ይዤ ሄጄ ነበርና አባባ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙረው ካዩ በኋላ «በቃ ይቺ ናት። ገዳም ያለበት ውሃ ይሻላል። ደረጃው ሲከብድ በረከቱም ይበዛል» አሉ። ስለዚህ ዊትቢ ውሰጃቸው።

የሸኘንሽን ቀን ታስታውሳላችሁ ወይ ላልሽው፣ አስታውሳለሁ። ቡሬ መናኸሪያ ሸንኮራ ገዝተሽልን ነበር። ስመኘው ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሞ «ባሕሩ ጨው ነው ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት ቀምሰሽ ንገሪኝ» አለሽ። ያረጋል ሲያለቅስ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ ያልሽውን ግን ላርምሽ። ያለቀስሁት ሸንኮራዬን ስለቀማኝ ነው። አንቺ በናፍቆት መስሎሽ በመስኮቱ ተንጠልጥለሽ ሳምሽኝ፤ እሱም ሸንኮራውን እያኘከ አብሮሽ አጽናናኝ።

አባባ፣ እናታለም፣ ቤት አከራያችን እትዬ አቻምየለሽና ማህዲ ሰላም ይሉሻል።

ወንድምሽ ያረጋል


ሊድስ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ያረጋል፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ቶሎ ያልመለስሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ጥቂት ቀንም አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ።

ጠበሉን ሳነብ ሳቅሁ፤ በኋላ ሳስበው ግን እነ አባባ ብዙም አልተሳሳቱም። ወይዘሮ ዶሪን የሚባሉ አሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ልጅ ሆነው አባታቸው ባሕር ይወስዷቸው ነበር። አሁን ጠዋት ልብስ ሳለብሳቸው ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «እግሬን አንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ባደርገው።» ሐኪሙን ግን ምንም አይጠይቁትም።

ዊትቢ አይሆንም፣ የኔ ወንድም። ሽማግሌዎቼ አብዛኞቹ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። ይህን ከአሁን ቀደምም ጽፌ ነበር። ያን ሁሉ ደረጃ በማን ጀርባ ላወጣቸው ነው? አባባ በረከት ሲሉ፣ የእኔ አለቃ ደግሞ ክስ ትለዋለች። እሷ ስካርብራን ትወዳለች፤ ገደሉን የሚያወርድ አሳንሰር አለው፤ ግን ጫጫታው አይጣል ነው አሉ። ማእድ ቤት የምትሠራው ደግሞ ብላክፑል ትላለች። እዚያ ያለው መብራትና መሽከርከሪያ ሽማግሌ ቀርቶ እኔንም ያዞረኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድሮ ስለ ሐሙስ ሽርሽራችሁ ጽፋችሁልኝ ነበር። ሳትሄዱበት የቀረ ወር አለ? ካለ እሱን ንገረኝ፤ የትም ይሁን የት ወደዚያ እሄዳለሁ። ሌላ ምንም እንድትጽፍልኝ አላስቸግርህም። የምትችለውን ብቻ ጻፍ።

ምሳህን ብላ። ሐሙስም ቢሆን።

እህትህ ምሥራቅ


ፍኖተ ሰላም
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ምሥራቅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? አሞሽ እንደነበር ማንበቤ አሳዝኖኛል። እናታለም እንዳትጨነቅ ያን መስመር ዘልዬ ነው ያነበብሁላት።

ያልሄድንበት ወር አለ። ነሐሴ ነው። ስመኘው በእሾህ ዘግቶት ነበር፤ ለውጤቱ ቀን ያስቀመጠው ነው። እኔም ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ከትምህርት ቤት እየመጣሁ ፊቱ እቆማለሁ፤ እጄን አነሣለሁ፤ መልሼ አወርዳለሁ። ትናንት እትዬ አቻምየለሽ ወንፊቷን ልትወስድ ገብታ አገኘችኝ።

«ግድግዳ ሊወድቅብህ ነው እንዴ፣ ምን ደግፈህ ቆመሃል?» አለችኝ።

«ይቺን ቅጠል ልግለጣት አልግለጣት እያልሁ ነው።»

«ማን ከለከለህ?»

«ስመኘው።»

ወንፊቷን ይዛ ቀረብ አለች። «ለማን ብለህ ነው የምትገልጣት?»

«ለምሥራቅ።»

«ለእህቱ ከሆነማ አይከለክልም» አለች። እሾሁን እስክነቅለው ድረስም አልወጣችም።

ፋይሊ ትባላለች። ጠቅላላው አሸዋ ነው፤ እርጥብ፣ ሜዳ፣ ጋራ የሌለበት። ውሃው ሄዷል፤ ሩቅ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሆኖ ይታያል። ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግን ትራክተር አለ፤ ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባ እየጎተተ ነው። «የብር ሸለቆ ትራክተር ይህን ቢያይ ሥራ ይቀይራል» አልሁ። እንዲህ ያለውን የምናገር እኔ አልነበርሁም፤ የሚናገረው ስላልነበረ እኔ ተናገርሁት። እትዬ አቻምየለሽ ሳቀች፤ ከዚያ ወንፊቷን ረስታ ወጣች።

ደረጃ አላየሁበትም። መንገዱ ራሱ ተዳፋት ሆኖ አሸዋው ውስጥ ይገባል፤ ትራክተር ካለፈበት የወይዘሮ ዶሪን ወንበርም ያልፍበታል። ስመኘው ቢሆን ይችን ነው የሚመርጥልሽ። በዚህ አልሳሳትም።

ምሳዬን እበላለሁ። ሁሉም ሰላም ይሉሻል።

ያረጋል


ሊድስ
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያረጋል ወንድምዓለም፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል ለመጻፍ ይኸው እስከ ዛሬ ጠበቅሁ።

ባለፈው እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ማንቸስተር የምትኖረው የጅጋዋ ወለተ ሥላሴ ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ሴቶችና የንስሐ አባቴ አሉ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። በሌሊት ነድተው ነው የመጡት። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ። ወለተ ሥላሴ «አባትሽ ቄስ ገብረሰንበት ናቸው የላኩን» ብላ ጀመረች። የስመኘውን ስም ስትጠራ ጮኽሁ። ይዘውኝ አለቀሱ፤ ፊቴን አጠቡኝ፤ አጥሚት ሠርተው አጠጡኝ፤ ሦስት ቀን ከቤቴ አልወጡም።

እኔ ግን አውቅ ነበር፣ ያረጋል። ከግንቦት ደብዳቤህ ጀምሮ። አንተ ቃልህን ጠብቀሃል፤ ምንም አላመለጠህም። ማህዲ እንኳ ሰላም ሲለኝ፣ ሁልጊዜ ከግርጌ በኩል ጠማማ መስመር ጨምሮ የሚቀልድብኝ ስመኘው ሰላም አላለኝም። ማትሪክ ሊፈተን ሳምንታት የቀሩት ልጅ ገበዝ ማርያም ምን ይሠራል? ደግሞ ስለ ተሽከርካሪ ወንበሮቹ ቀደም ብዬ የጻፍሁት ለእሱ ነበር፤ እሱ ቢኖር ያን ደረጃ አይልክልኝም። ያን ቀን ወረቀቱን አጥፌ ሥራ ገባሁ። አሞኝ ነበር ያልሁህ ይኸው ነው።

አባባ በወጉ ሊያረዱኝ ሰው እያፈላለጉ መሆኑን ስለገመትሁ፣ እንዳልሰማ ሆኜ ቆየሁላቸው። አንተንም መጠየቁን ተውሁ። ለይምሰል አልጮኽሁም ብልህ እመነኝ፤ ብቻዬን ሳለቅስ የከረምሁት ለካ አልወጣም ነበር። አባባ ልክ ናቸው። ማወቄን ግን አትንገራቸው።

ፋይሊ የሄድነው ከመርዶው በፊት ነው። ትራክተሩ አለ፤ ሥራ አልቀየረም። ውሃው ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ዶሪንን እየገፋሁ እርጥቡ አሸዋ ላይ ስንደርስ ጎማው ሰመጠ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ እየሳቀ አወጣን። ከዚያ ወዲያ መግፋት አልተቻለም። «ውሃው ይምጣ፤ እንጠብቀዋለን» አሉኝ ወይዘሮ ዶሪን።

«ይመለሳል?» አልኋቸው።

«ቀርቶ አያውቅም።»

ካልሲያቸውን አወለቅሁላቸው፤ ብርድ ልብስ ደርቤላቸው ተቀመጥን። ውሃው በቀስታ፣ እየመጣም እየሸሸም፣ ጣታቸው ላይ ደረሰ። እሳቸው እንደ ሕፃን ሲስቁ እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። ዘወር ብለው አዩኝና «ማን ነው የሞተብሽ?» አሉኝ። እኔ ምንም አልነገርኋቸውም ነበር። «ወንድሜ» አልሁ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ስሙን ጠየቁኝ፤ ሊጠሩት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ «ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ።

አወለቅሁ። እንደ ግሽ ዓባይ ጠበል ይቀዘቅዛል። ጎንበስ ብዬ ቀመስሁት። እውነት ነው፤ ጨው ነው። አንተ ለእሱ ቅርብ ነህና ንገርልኝ።

አሁን አንተም አንድ ነገር ንገረኝ። ከለቅሶው ቤት ወጥተህ፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻህን የነቃህ ዕለት፣ ጠዋቱን እንዴት አሳለፍኸው? አንተን የያዘህ ሰው ነበር?

እህትህ ምሥራቅ


ገበዝ ማርያም
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ምሥራቅ፣

አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነግሬዋለሁ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ወደ መቃብሩ ዞር ብዬ «ጨው ነው ብላለች» አልሁት። ዝናቡ ስለበረታ ብዙ አልቆየሁም። አባባ የላኳቸው ሰዎች ደርሰው እንደያዙሽ ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ ይዟቸዋል። «ልጄ ብቻዋን አልሰማችም» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። እኔም ዝም እላለሁ። አሁን ዝም ማለቱ አይከብደኝም።

የጠየቅሽኝ ጠዋት ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ማታ ነው ፍኖተ ሰላም የገባሁት። ስንቁን እናታለም እንደ ወትሮው የሁለት ሰው አድርጋ ቋጥራው ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ሰው እያየ ማንም አላረማትም። ስነቃ ግድግዳውን ይዤ በእኔ በኩል ተጠግቼ ነበር የተኛሁት፤ የእሱ በኩል ብርድ ልብሱ አልተጨማደደም። ተነሥቼ ስንቁን ፈታሁ። ሐሙስ ቀን ያን ያህል እንጀራ አይቼ አላውቅም። ግማሹን ጎን ክፍል ለተከራዩት የጅጋ ልጆች ሰጠሁ። እነሱም ስንቃቸው አልቆ ነበርና ምንም ሳይጠይቁኝ በሉ።

ከዚያ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ጀሪካኑን የምናመጣው መያዣውን በገመድ አስረን፣ በገመዱ እንጨት አሳልፈን ነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኔ አጭር ስለሆንሁ ሸክሙ ወደ እኔ ይንሸራተታል፤ እሱ ግን በየመንገዱ እየቆመ ገመዱን ወደ ራሱ ይስበው ነበር። ያን ጠዋትም እንጨቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድሁ። ቦኖው ጋ ደርሼ ሳወርደው ነው ሌላውን ጫፍ የሚይዝ እንደሌለ ትዝ ያለኝ።

ውሃ የምትሸጠው ንግሥቴ ሁልጊዜ ነው የምትተርበን። ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር እየደቀነች «ጌታውን ዛሬ የት ጣልኸው? ፈተና ደረሰ ብሎ ሸክም ተወ?» አለችኝ። ተሰልፎ የቆመው ሰው ሳቀ። አባባ መርዶ በሰው ነው የሚነገር ይላሉ፤ እኔ የምልከው ሰው አልነበረኝም።

«ሞተ» አልሁ።

ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስስ ማንም አልዘጋውም። በኋላ ንግሥቴ ቧንቧውን ዘጋችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። አንድ ሰውዬ «አምጣ ልሸከምልህ» አለኝ። አንዲት ሴትዮ ባልዲዋን አስቀምጣ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ አነሣች። እምቢ አልኋቸው። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ያን ጫፍ ሰው እንዲይዘው አልፈለግሁም።

ብሞክር ግን ጀሪካኑ ከመሬት አልተነሣልኝም። ስለዚህ ግማሹን በሴትዮዋ ባልዲ ውስጥ ገለበጥሁ። የቀረውን በእጄ አንጠልጥዬ፣ እንጨቱን ብብቴ ሥር ይዤ፣ እያሳረፍሁ ቤት ደረስሁ። ውሃውን ገንዳችን ውስጥ ጨመርሁት። የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማኝ።

ባዶውን ጀሪካን አነሣሁና ለቀረው ግማሽ ተመለስሁ።

ወንድምሽ ያረጋል